የአቶም አስኳል መሰንጠቅና ወሳኙ መጠን፤ ከተከዜ ኃይል ጋር በማነጻጸር

በተከዜ ወንዝ ላይ የቆመው የኤሌክትሪክ ማመንጫ አራቱ ተርባይኖቹ በሙሉ አቅማቸው ሲዞሩ 300 ሜጋዋት ኃይል ይሰጣል። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከኋላው የተኛው ሐይቅም 9 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። ሥራው የተመረቀው በ2009 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ይህን የሚያህል ኃይል ለአንድ ሙሉ ቀን የሚሰጥ የአቶም ምድጃ ቢኖር ምን ያህል ዩራንየም መሰንጠቅ ያስፈልገው ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ዩራንየም እጅግ ከባድ ብረት ስለ ሆነ 1 ኪሎው ከአንድ የዶሮ እንቁላል አይበልጥም።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል፣ እንዲሁም ይኸው ነገር በአንድ ሥፍራ ብርሃን በሌላው ሥፍራ ጥፋት የሚሆንበትን ምክንያት ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ፊዚክስ ዋና ትምህርታቸው ላልሆነ ጓደኞቻችን ጭምር እንዲገባ ስለ ፈለግን፣ ሒሳቡን በመደመርና በማባዛት ብቻ ወስነነዋል።

፩. ጕዳዩ ስለ ምን ያገባናል

ንጽጽሩን ከተከዜ የጀመርንበት ምክንያት አለን። ተከዜ የዋግን ምድር ከሰሜን ተራሮች የሚለይ ወንዝ ነው። ከሰቆጣ በስተምዕራብ ያለው የዝቋላ ወረዳም ወደዚሁ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ አገር ነው። (ዝቋላ ስንል በሸዋ የሚገኘውን የገዳም ተራራ ሳይሆን በዋግ ኽምራ ያለውን ማለታችን ነው።) ከዋግ ደጋ እስከ ተከዜ ቆላ ድረስ የገጠሩ ሰው ምድጃ የሚነደው ዛሬም በአብዛኛው በእንጨትና በኩበት ነው። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ እንጨት፣ የወንዝ ውሃና የአቶም ኃይል በአንድ ጊዜ የሚነሡ ጥያቄዎች ሆነዋል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፍ የአቶም ኃይል ድርጅት ከተመሠረተበት ከ1957 ጀምሮ አባል ናት። የአቶም መሣሪያ እንዳይስፋፋ የተደረገውንም ውል በ1968 ፈርማ በ1970 አጽድቃለች። በመስከረም 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥትና የሩሲያው ሮስአቶም የአቶም ኤሌክትሪክ ማመንጫ ለማቋቋም የሚያስችል የሥራ መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራርመዋል። ስለዚህ ነገሩ ከወሬ አልፎ ወደ ውል ተሻግሯል። ውል በሚፈረምበት ጊዜ ደግሞ የተማረው ክፍል «አቶም» የሚለውን ቃል በሰማ ቍጥር ወይ የሚደነግጥ ወይ በጭፍን የሚያደንቅ ከሆነ፣ ለሕዝቡ የሚሰጠው ምክር አይኖረውም።

፪. አስኳሉና ስንጥቁ

አቶም በመካከሉ እጅግ ትንሽና ከባድ የሆነ አስኳል አለው። አስኳሉ ከሁለት ዓይነት ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ እነዚህም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ፕሮቶኖችና ሙል የሌላቸው ኒውትሮኖች ናቸው። ፕሮቶኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ሆኖም በጣም ሲቀራረቡ ብቻ የሚሠራ ሌላ ብርቱ ኃይል አንድ ላይ አስሮ ይይዛቸዋል።

የዩራንየም አስኳል 92 ፕሮቶኖች አሉት። ከምድር የሚቈፈረው ዩራንየም ሁለት ዋና ዓይነት ነው። ከ1,000 አቶም 993ቱ ያህል 146 ኒውትሮን ያላቸው ናቸው፤ እነዚህንም ዩራንየም 238 እንላቸዋለን። የቀሩት 7ቱ ብቻ 143 ኒውትሮን ያላቸው የዩራንየም 235 አቶሞች ናቸው። በኬሚስትሪ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለእኛ ጕዳይ ግን ልዩነታቸው እጅግ ትልቅ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1938 ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን በበርሊን ዩራንየምን በኒውትሮን ሲደበድቡ ባርየም የሚባል ንጥረ ነገር አገኙ። ባርየም የዩራንየምን ግማሽ ብቻ ከጥቂት ትርፍ ጋር የሚመዝን ስለ ሆነ ነገሩ አስደነቃቸው። ትርጕሙን ያገኙት፣ በዚያው ዓመት ከናዚ ጀርመን ሸሽታ በስዊድን የተቀመጠችው ሊዝ ማይትነርና የእኅቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ናቸው። እነርሱ እንዳስረዱት ትልቅ አስኳል እንደ ውሃ ጠብታ ነው። ጠብታ ሲነካ ይወዛወዛል፤ ይረዝማል፤ ወገቡ ይቀጥናል፤ በመጨረሻም ለሁለት ይከፈላል። የዩራንየም 235 አስኳልም አንድ ኒውትሮን ሲውጥ እንዲሁ ይሆናል። ወገቡ ከቀጠነ በኋላ የሚያስረው ብርቱ ኃይል በርቀት አይሠራምና፣ የፕሮቶኖቹ መገፋፋት አሸንፎ ሁለቱን ቍራጮች በታላቅ ፍጥነት ያራርቃቸዋል። አስኳል ተሰነጠቀ የምንለው ይህን ነው።

፫. የጕልበቱ መጠን

የሁለቱን ቍራጮችና አብረው የሚወጡትን ቅንጣቶች ብንመዝን፣ ከመጀመሪያው አስኳል ከ1,000 እጅ 1 እጅ ያህል ጐድሎ እናገኘዋለን። የጐደለው ግዝፈት አልጠፋም፤ አይንስታይን በ1905 ባሳየው ሕግ መሠረት ወደ ጕልበት ተለውጧል። አንድ የካርቦን አቶም በእሳት ሲነድ ከሚሰጠው ጕልበት ይልቅ አንድ የዩራንየም አስኳል ሲሰነጠቅ የሚሰጠው 50 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል።

1 ኪሎ ዩራንየም 235 በሙሉ ቢሰነጠቅ 82 ትሪሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። የደረቀ እንጨት 1 ኪሎው 15 ሚሊዮን ጁል ያህል ስለሚሰጥ፣ ያን ሙቀት ከእንጨት ለማግኘት ወደ 5,500 ቶን ማንደድ ያስፈልጋል። አንድ አህያ 50 ኪሎ ትጫን ብንል ከ100,000 የአህያ ጭነት በላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ተከዜ እንመለስ። 300 ሜጋዋት ማለት በየሴኮንዱ 300 ሚሊዮን ጁል ነው። በቀን ውስጥ 86,400 ሴኮንድ ስላለ የአንድ ቀኑ ሥራ 26 ትሪሊዮን ጁል ያህል ይሆናል። በእንፋሎት የሚሠራ ማመንጫ ከሙቀቱ ሲሶውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚለውጥ፣ የሚያስፈልገው ሙቀት የዚህ ሦስት እጥፍ፣ ማለት 78 ትሪሊዮን ጁል ነው። ይህም ከ1 ኪሎ ጥቂት ያነሰ ዩራንየም 235 መሰንጠቅ ማለት ነው። በመጀመሪያ የሰጠነው መልስ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

፬. ሰንሰለቱ

አንድ አስኳል መሰንጠቁ ብቻ ምንም አይጠቅምም ነበር። ቁም ነገሩ አስኳሉ በሚሰነጠቅበት ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት፣ በአማካይ 2.5 ያህል አዲስ ኒውትሮኖች መውጣታቸው ነው። እነዚህም ሌሎችን አስኳሎች ሊሰነጥቁ ይችላሉ፤ ከእነርሱም ሌሎች ይወለዳሉ። ይህን የትውልድ ተከታታይነት ሰንሰለት እንለዋለን።

ነገር ግን የተወለደ ኒውትሮን ሁሉ ወላጅ አይሆንም። አንዳንዱ ከብረቱ ወጥቶ ያመልጣል። አንዳንዱ በዩራንየም 238 ወይም በሌላ ነገር ተውጦ ይቀራል። ሌላውን አስኳል ለመሰንጠቅ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን፣ ከአንድ ትውልድ 100 ኒውትሮኖች በሚቀጥለው ትውልድ ስንት ይተካሉ? የሚለውን ነው።

99 የሚተኩ ከሆነ በ1,000 ኒውትሮን የጀመረው ሰንሰለት ከ100 ትውልድ በኋላ ወደ 366 ይወርዳል፤ ቀስ በቀስም ይጠፋል። ልክ 100 የሚተኩ ከሆነ 1,000ው 1,000 እንደ ሆነ ይኖራል። 101 የሚተኩ ከሆነ ደግሞ ከ100 ትውልድ በኋላ 2,700 ያህል ይሆናል፤ ከዚያም እየበዛ ይሄዳል። በ99 እና በ101 መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው፤ በፍጻሜው ግን አንዱ መጥፋት ሌላው መንደድ ነው። ልክ በ100 ላይ የቆመውን ሁኔታ ወሳኝ ሁኔታ እንለዋለን።

በየትውልዱ ቍጥሩ እጥፍ የሚሆን ቢሆን ምን እንደሚከተል ደግሞ እንመልከት። ከአንድ ኒውትሮን ተነሥተን 80 ጊዜ እጥፍ ብናደርገው፣ ከ1 በኋላ 24 ዜሮ ከሚጻፍበት ቍጥር እናልፋለን። ይህም በ1 ኪሎ ዩራንየም ውስጥ ካሉት አቶሞች ግማሽ የሚጠጋ ነው። በንጹሕ ብረት ውስጥ የአንድ ትውልድ ዕድሜ የሴኮንድ መቶ ሚሊዮንኛ ያህል ስለ ሆነ፣ 80ው ትውልድ የሚፈጸመው ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ነው። የቦምቡ ኃይል ከጕልበቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ፍጥነት የተገኘ ነው።

፭. ወሳኝ መጠን

ወሳኙ ሁኔታ ከብረቱ ብዛት ጋር የተያያዘው ስለ ምንድን ነው? ኒውትሮን የሚወለደው በብረቱ ሆድ ውስጥ ነው፤ የሚያመልጠው ግን በገጹ በኩል ነው። በዋግ ደጋ በብርድ ሌሊት ፍየሎች ተጠጋግተው ሲያድሩ ሙቀቱ ከእያንዳንዷ አካል ይወጣል፤ ለብርዱ የተጋለጡት ግን በዳር ያሉት ናቸው። ሦስት ፍየሎች ቢሆኑ ሁሉም ዳር ናቸው። ሦስት መቶ ቢሆኑ ግን አብዛኞቹ መካከል ይሆናሉ። መንጋው ሲበዛ ዳሩም ይበዛል፤ ነገር ግን መካከሉን ያህል አይበዛም።

በድቡልቡል ነገር ላይም ሒሳቡ እንዲሁ ነው። የድቡልቡሉ ስፋት በእጥፍ ሲጨምር ገጹ 4 እጥፍ፣ ሆዱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ድቡልቡሉ ባደገ ቍጥር የሚያመልጡት ኒውትሮኖች ከሚወለዱት አንጻር እያነሱ ይሄዳሉ። በአንድ የተወሰነ መጠን ላይም መውጫውና መተኪያው ይመዛዘናሉ። ያ መጠን ወሳኝ መጠን ይባላል። ምንም ነገር ላልከበበው ንጹሕ የዩራንየም 235 ድቡልቡል ይህ 52 ኪሎ ያህል፣ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር 17 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ለፕሉቶንየም 239 ደግሞ 10 ኪሎ ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አሳሳች አስተሳሰብ ማረም ይገባል። ወሳኝ መጠን እንደ ወርቅ ሚዛን ለሁሉ ሥፍራ አንድ የሆነ ቍጥር አይደለም። ያው ብረት እንደ እንጀራ ተዘርግቶ ቢቀመጥ ገጹ ስለሚሰፋ ወሳኝ አይሆንም፤ እንደ ኳስ ቢድቦለቦል ግን ይሆናል። ውሃ ወይም ሌላ ኒውትሮንን የሚመልስ ነገር ቢከበው ያመለጡት ስለሚመለሱ መጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ቅርጹ፣ ንጹሕነቱ፣ ጥግግቱና ዙሪያው ሁሉ ይቈጠራሉ።

ይህም የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። በግንቦት 21 ቀን 1946 ሉዊስ ስሎቲን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በሎስ አላሞስ በፕሉቶንየም ድቡልቡል ላይ ኒውትሮን የሚመልስ ክዳን እያቀረበ ሲሞክር ክዳኑ ሾልኮበት ወደቀ። ድቡልቡሉ ለቅጽበት ከወሳኙ ሁኔታ አለፈ፤ ስሎቲንም በ9ኛው ቀን ሞተ። በመስከረም 30 ቀን 1999 ደግሞ በጃፓን ቶካይሙራ በሚባል ሥፍራ ሠራተኞች ከተፈቀደው እጅግ የበዛ የዩራንየም ፈሳሽ በአንድ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ጨመሩ። ገንዳውን ለማቀዝቀዝ የከበበው ውሃ ኒውትሮኖቹን እየመለሰ ሰንሰለቱን 20 ሰዓት ያህል አቆየው። የቆመውም በዋናነት ያ ውሃ እንዲፈስ ከተደረገ በኋላ ነው። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። በሁለቱም ሥፍራ ቦምብ አልነበረም፤ የተናቀው የገጽና የሆድ ሒሳብ ነበር።

፮. ኒውትሮንን ማዝገም፤ የኦክሎ ምስክርነት

ከስንጥቅ የሚወጣ ኒውትሮን እጅግ ፈጣን ነው። ዩራንየም 235 ግን ዘገምተኛውን ኒውትሮን በመቶዎች እጥፍ ይበልጥ በቀላሉ ይይዘዋል። ስለዚህ ኒውትሮኑን ሳይውጥ የሚያዘገም ነገር፣ ማለት ውሃ፣ ከባድ ውሃ ወይም ግራፋይት፣ በዩራንየሙ መካከል ቢደረግ፣ ዩራንየም 235 ጥቂት በሆነበት ድብልቅ እንኳ ሰንሰለቱ ሊቀጥል ይችላል። ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቹ በታኅሣሥ 2 ቀን 1942 በቺካጎ የመጀመሪያውን የአቶም ምድጃ የሠሩት ያልተጣራ ዩራንየምን በግራፋይት ጡቦች መካከል በመደርደር ነው።

የሚያስደንቀው ተፈጥሮ ይህን ከሰው አስቀድማ መሥራቷ ነው፤ ያውም በአፍሪካ ምድር። በ1972 የፈረንሳይ ሊቃውንት በጋቦን ከኦክሎ የተቈፈረውን ዩራንየም ሲመረምሩ ዩራንየም 235ቱ ከሚገባው ጐድሎ አገኙት። ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዩራንየም 235 ከመቶ 3 እጅ ያህል ስለ ነበረ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ማዕድኑ በገባ ጊዜ ኒውትሮኖቹን አዘገመ፤ ሰንሰለቱም ጀመረ። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ሰንሰለቱ ይቆማል፤ ማዕድኑ በርዶ ውሃው ሲመለስ እንደ ገና ይነሣል። እንዲህ እያለ ብዙ መቶ ሺህ ዓመት ኖረ። ዛሬ በውሃ የሚሠሩ ምድጃዎችም ይህ ጠባይ አላቸው፤ ውሃው ሲጐድል ሰንሰለቱ ይደክማል።

፯. ምድጃው እንዴት ይገዛል

ምድጃ ማለት ልክ በ100 ላይ ቆሞ የሚኖር ሰንሰለት ነው። ኒውትሮን የሚውጡ የካድሚየም ወይም የቦሮን ዘንጎች ወደ ውስጥ ሲገቡ ሰንሰለቱ ይቀንሳል፤ ሲወጡ ይጨምራል። ግን ጥያቄ ይነሣል። በውሃ ምድጃ የአንድ ትውልድ ዕድሜ የሴኮንድ ዐሥር ሺህኛ ያህል ነው። በየትውልዱ 1,000 ኒውትሮን በ1,001 ቢተካ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ኃይሉ 22,000 ጊዜ ያህል ይባዛ ነበር። ይህን የሚያህል ሩጫ የትኛው ሰው፣ የትኛውስ ማሽን ይደርስበታል?

መልሱ ከ1,000 ኒውትሮን 6 ወይም 7ቱ ከስንጥቁ ጋር ወዲያው የማይወጡ መሆናቸው ነው። እነዚህ ከስንጥቁ ቍራጮች ዘግይተው፣ አንዳንዶቹ ከጥቂት ሴኮንዶች፣ አንዳንዶቹ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ይወጣሉ። በቀድሞ ዘመን ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚወጣውን ቅፍለት እናስብ። ብርቱዎቹ በቅሎዎች ቀድመው ከሰፈር ቢደርሱም፣ ኋለኞቹ ሳይደርሱ ነጋዴው ጕዞውን አይቀጥልም። ምድጃውም በጥንቃቄ ሲሠራ ያለ ዘግይቶ መጪዎቹ ወሳኝ እንዳይሆን ተደርጎ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ እነርሱን መጠበቅ ይኖርበታል። በዚያው በ1,001 መተካት ኃይሉ በአንድ ሴኮንድ 22,000 እጥፍ መሆኑ ቀርቶ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይጨምራል። ዘንጉን ለማንቀሳቀስ በቂ ጊዜ ተገኘ ማለት ነው። እነዚያ 6 ወይም 7 ኒውትሮኖች ባይኖሩ ኖሮ የአቶም ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

የተለመደ የውሃ ምድጃ ነዳጅ ዩራንየም 235ቱ ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ብቻ ነው፤ ለመሣሪያ የሚሠራው ግን ከመቶ 90 እጅ ገደማ ድረስ የተጣራ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ ሂሮሺማው ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም። ይህ ማለት ግን አደጋ የለበትም ማለት አይደለም።

፰. ሰንሰለቱ ከቆመ በኋላ

የእንጨት እሳት ውሃ ሲደፋበት ይጠፋል። የአቶም ምድጃ ግን ሰንሰለቱ ከቆመም በኋላ የስንጥቁ ቍራጮች ራሳቸው እየተለወጡ ሙቀት ይሰጣሉ። 300 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ምድጃ 900 ሜጋዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። ዘንጎቹ ገብተው ሰንሰለቱ በቆመበት ቅጽበት 60 ሜጋዋት ያህል ሙቀት ይቀራል፤ ከአንድ ቀን በኋላም ከ4 እስከ 5 ሜጋዋት ገና አለ። ይህን የሚወስድ ውሃና ውሃውን የሚገፋ ኤሌክትሪክ ከሌለ ነዳጁ ራሱን ያቀልጣል።

በመጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን ፉኩሺማ የሆነው ይህ ነው። የምድር መንቀጥቀጡ እንደ ተሰማ ሲሠሩ የነበሩት ምድጃዎች እንደሚገባ ቆመው ነበር። ከዚያ የመጣው የባሕር ማዕበል ግን የመጠባበቂያውን ኤሌክትሪክ ስላጠፋ ማቀዝቀዣው ቆመ፤ የሦስት ምድጃዎች ነዳጅም ቀለጠ። በሚያዝያ 26 ቀን 1986 በቸርኖቢል የደረሰው አደጋ ደግሞ ከዚህ ልዩ ነው። በዚያ ዓይነት ምድጃ የሚያዘገመው ግራፋይት ስለ ነበረ፣ ውሃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሰንሰለቱ እንደ ኦክሎው በመድከም ፈንታ በረታ።

፱. ከዚህ የምናገኘው

ከላይ ካስረዳነው ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። እነዚህንም አገራችን ምድጃ ለመትከል በምታስብበት ጊዜ ማንኛውም የተማረ ሰው ሊጠይቃቸው ይገባል። አንደኛ፣ ከሙቀቱ ሁለት ሲሶው ወደ ውጭ የሚጣል ስለ ሆነ፣ በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጐድል ወንዝ ባለበት አገር የማቀዝቀዣው ውሃ በዓመት ውስጥ ሳይቋረጥ ከወዴት ይገኛል? ሁለተኛ፣ ምድጃው በቆመ ጊዜ የሚያቀዘቅዘው ኤሌክትሪክ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ጦርነት ወይም ሌላ ችግር ቢመጣ እንኳ እንዴት ይጠበቃል? ሦስተኛ፣ ከሰዎች ዕድሜ ለረዘመ ዘመን የሚጠበቀው የነዳጅ ትርፍ የት ይቀመጣል? ጠባቂዎቹንስ ማን ያሠለጥናል?

እነዚህ ጥያቄዎች ነገሩ አይሆንም ለማለት የሚቀርቡ አይደሉም። በደቡብ አፍሪካ የኩበርግ ማመንጫ ከ1984 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ኖሯል፤ ግብፅም በኤል ዳባ የራሷን ማመንጫ መሥራት በ2022 ጀምራለች። ነገር ግን ሁለቱም የሚገኙት በባሕር ዳር ነው፤ እኛ ግን የባሕር በር የለንም። ከሌሎች የተቀዳ ውሳኔ ስለማይበቃን፣ ሒሳቡን በራሳችን ምድርና በራሳችን ወንዞች ላይ መሥራት አለብን።

በመንጋው ምሳሌ ያየነው የገጽና የሆድ ሒሳብ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አያልፍም። በቶካይሙራ ሁለት ሰዎች የሞቱት ይህ ሒሳብ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሊቃውንቱ ያወቁት በገንዳው አጠገብ ለቆሙት ሠራተኞች እንደሚገባ ስላልደረሰ ነው። ስለዚህ የዚህ ኮሌጅ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የምሕንድስና ተማሪዎች በመጪው የምርምር ስብሰባችን ከላይ ካሉት ሦስት ጥያቄዎች አንዱን እየወሰዱ በቍጥር እንዲሠሩት እንጋብዛለን። መምህራኖቻችንም ሒሳባችንን እንዲመረምሩልንና የጐደለውን እንዲያሟሉልን እንለምናለን።